በእጅ እየተጠቀለለ አየር የሚወጣለት የልብስ ከረጢት

ለጥቂት ወራት ኢንተርንሺፕ ውጭ ልሄድ ስል የገዛሁት ነው። ወፍራሙን ጃኬትና ሹራቦቹን ከተትኩ፣ ዚፑን ዘጋሁ፣ እየጠቀለልኩ አየሩን አስወጣሁ። ያ ሁሉ ክምር ልጥፍ አለ! ሻንጣው ግማሹ ባዶ ቀረ።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቦታ አለ ተብሎ ጫማ፣ መጽሐፍ፣ ምናምን ይጨመራል። አየሩ ወጣ እንጂ ክብደቱ ያው ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች ደግሞ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነው። በሚዛን እያያችሁ ሙሉ።

በቫክዩም (አየር በሚመጥ ማሽን) የሚሠራውን ዓይነት አልመክርም። ስትመለሱ ማሽኑን ከየት ታመጣላችሁ? ለመጀመሪያው የሥራ ቀን ያሰባችሁትን ሱፍ ደግሞ እዚህ ከረጢት ውስጥ እንዳትከቱት፣ ጭምድድ ያደርገዋል።

ዚፑ ጫፉ ላይ አየር ያስገባል፤ በጣት ደጋግሞ መጫን ይፈልጋል። ቢሆንም ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ።