ለባይፓስ ከፍዬ ስሊቭ ተሠራብኝ፤ ተጠንቀቁ

ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና (ባይፓስ ወይም ስሊቭ የሚባለውን) ለማድረግ ገንዘብ አጠራቅማችሁ፣ "ሁሉን ያካተተ ጥቅል" ከሚሸጥ ክሊኒክ ደጃፍ የደረሳችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የምጽፈው ዛሬ ከክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ወጥቼ ነው። ደሜ እንደፈላ ነው፤ ቃላቴ ቢሻክሩ አትፍረዱብኝ።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ግድግዳው ላይ ያው የ"በፊት" እና የ"በኋላ" ፎቶግራፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ያው ከላስቲክ የተሠራ ጨጓራ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ ያቺው ጥርሷ የማይከደን አስተባባሪ። ሐኪሙን ለማግኘት ወረፋ አለ፤ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ግን ማንም አይጠብቅም። "ለዚህ ወር የቀረን አንድ ቦታ ብቻ ነው" ይሏችኋል። ሁልጊዜም የሚቀራቸው አንድ ቦታ ነው።

ቀዶ ሕክምናውን አልቃወምም፤ ይህ ይታወቅልኝ። በ2022 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ መመሪያ የክብደትና የቁመት ምጣኔው (BMI) 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ሌላ ሕመም ባይኖርበትም እንኳ፣ ቀዶ ሕክምናን ይመክራል። እኔ ከዚያ መስመር በላይ ነበርኩ። "አፍሽን ብትዘጊ ይበቃሽ ነበር" የሚል ካለ ለራሱ ይበለው።

የኔ ችግር ቃር ነው። ጋደም ባልኩ ቁጥር አሲዱ ጉሮሮዬ ድረስ ይወጣል። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ሲታይ የምግብ ቧንቧዬ የታችኛው ክፍል ቆስሎ ተገኘ። ያን ጊዜ ክሊኒኩ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ውጤቱን አይቶ "ለእርስዎ ስሊቭ አይሆንም፤ የሚሻለው ባይፓስ ነው" አለኝ፤ ምክንያቱንም በወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳኝ። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራ 80 በመቶ ያህሉን ቆርጦ አውጥቶ ይጥላል። የሚቀረው ረጅምና ጠባብ ቱቦ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር አሲዱ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቃር ያለበትን ሰው ሊያባብስበት፣ ያልነበረበትንም ሊያስጀምረው ይችላል። ባይፓስ ግን ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛታል። አብዛኛውን አሲድ የሚያመነጨው የጨጓራ ክፍል ከምግቡ መንገድ ውጭ ስለሚሆን ቃሩም ይቀንሳል። "በዚያ ላይ በስሊቭ የተቆረጠ ጨጓራ ተመልሶ አይቀጠልም" አለኝ። ሰውየው እውነቱን ነበር፤ እሱን አላማም።

ባይፓስ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይወደዳል። የባይፓሱን ዋጋ ከፈልኩ። ደረሰኙ አሁን ከፊቴ ተቀምጧል፤ "ባይፓስ" ይላል፤ ማኅተምም አለበት።

አሁን ወደዚያች ጠዋት ልምጣ።

ጉበት እንዲያንስና ለሐኪሙ መንገድ እንዲለቅ ተብሎ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚታዘዘውን የሁለት ሳምንት ምግብ ጨርሻለሁ። ምግብ ይባል እንጂ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ነርሷ ቀለበቴን፣ የጆሮ ጌጤን፣ በመጨረሻም መነጽሬን ተቀብላ በላስቲክ ከረጢት አሸገችና ስሜን ጻፈችበት። እኔ መነጽሬን ካወለቅኩ የሰው ፊት እንኳ አልለይም። እጄ ላይ መርፌ ተተክሏል፤ "የሚያረጋጋ ነው" ያሉት መድኃኒትም ገብቷል። ባለ ጎማው አልጋ ላይ አጋድመው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገፉኝ በሩ ጋ ስንደርስ አልጋው ቆመ። አንድ ሰው ጎንበስ አለብኝ። በሽቶዋ አወቅኋት፤ አስተባባሪዋ ናት።

"አንዲት ፊርማ ቀርታለች" አለችኝ።

"የምን ፊርማ?"

"ያው የስምምነት ቅጹ ነው። የፊተኛው ማኅተም ስላልነበረው ነው።"

"መነጽሬን አምጡልኝና ላንብበው።"

"መነጽርሽ ታሽጓል። ደግሞስ ስንት ጊዜ ታነቢዋለሽ? ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ቆሞ እየጠበቀሽ ነው እኮ!"

ገንዘቡን እስክቆጥር ድረስ "እርስዎ" ስትለኝ የነበረችው ሴት ናት። ከራስጌዬ በኩል አልጋውን የያዘው ሰው ሳቅ አለ። እስክሪብቶውን በጣቶቼ መካከል ሰካችልኝ፤ በሌላው እጇ የእጄን አንጓ ይዛ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ሁሉ ነጭ ወረቀት ላይ የሚታየኝ ቀይ ቀለም የተቀባው ጥፍሯ ብቻ ነበር። "እዚህ ጋ" አለች፤ ጥፍሯን መታ መታ እያደረገች። ፈረምኩ። ወረቀቱን ከሥሬ ሳብ አድርጋ "በርቺ የኔ ቆንጆ" ብላኝ ሄደች።

ያቺ ወረቀት ባይፓሱን ወደ ስሊቭ የምትቀይር ወረቀት ነበረች።

"ለምን ፈረምሽ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተርባ፣ መርፌ ተተክሎባት፣ የሚያደነዝዝ ነገር ተሰጥቷትና ዓይኗን ተነጥቃ የተጋደመች ሴት ለምን እንደፈረመች ከመጠየቅ፣ እሷን ለማስፈረም ያቺን ሰዓት የመረጡትን መጠየቅ ይቀላል። የታካሚ ስምምነት የሚወሰደው ቀደም ብሎ፣ ሰውየው አእምሮው ንጹሕ ሆኖ፣ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ አስረድቶት ነው። ይህን የማያውቅ የሕክምና ተቋም የለም።

ነገሩን ያወቅሁት ከክሊኒኩ ስወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ነው፤ መነጽሬ ተመልሶልኝ ነበርና። "የተሠራው ቀዶ ሕክምና፦ ስሊቭ" ይላል። ተሳስተው የሌላ ሰው ወረቀት የሰጡኝ መስሎኝ ስሜን አየሁ፤ ስሜ ነው። ነርሷን ስጠይቃት "ሁለቱም ያከሳሉ፤ ምን ለውጥ አለው?" ብላ ግሉኮሱን መንቀል ቀጠለች።

ቤት ከገባሁ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቃሩ ሲብስብኝ ተቀምጬ መተኛት ጀመርኩ። ውሃ እንኳ ይመልሰኛል። ስደውል "የተለመደ ነው" ይሉኛል፤ ደግሜ ስደውል "ቶሎ ቶሎ ስለምትጠጪ ነው"። በጥቅሉ ውስጥ አለች የተባለችውን የምግብ ባለሙያ አገናኙኝ ብዬ ብጠይቅ ስልኩን ያነሳችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ያቺው አስተባባሪ! ድምፅዋን እንኳ አልቀየረችም። "ስትወፍሪ ማንንም አላማረርሽም፤ ለመክሳት ግን ትዕግሥት የለሽም" አለችኝና በቁስሌ ላይ እንጨት ሰደደችበት። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ስልኬን ማንሳት ተዉ።

ቤተሰቦቼ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰዱኝ። እዚያ ያየችኝ ሐኪም ግሉኮስ ከመትከሏ በፊት የቫይታሚን ቢ 1 መርፌ አዘዘችልኝ። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ ትውከት ለሳምንታት ከቀጠለ ይህ ቫይታሚን ከሰውነት ያልቃል፤ በጊዜ ካልተተካ አንጎልንና ነርቭን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል። ቫይታሚኑ ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻውን ቢገባ ደግሞ ሊያባብሰው ይችላል። "የተለመደ ነው" የተባልኩት ይህ ነው። ቢ 12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም በየጊዜው በደም ምርመራ እየታዩ ዕድሜ ልክ ክትትል እንደሚያስፈልጋቸው የሰማሁት ከእሷ ነው። "ሁሉን ያካተተ" የተባለው ጥቅል ያካተተው አንድ ብልቃጥ እንክብል ነበር።

ዛሬ የቀዶ ሕክምናውን መዝገብ ግልባጭ ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ግልባጩን ያገኘሁት በስንት ልመና ነው። ወንበር እንኳ ሳያቀርብልኝ ያቺን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ ጣቱን ፊርማዬ ላይ አደረገና "ይህ የአንቺ ፊርማ አይደለም?" አለኝ። ፊርማ ቢሉት ፊርማ አይመስልም፤ ከመስመሩ ወርዶ ተንጋዷል። ቀጥሎ "ቀዶ ሐኪሙ በሥራ ላይ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ዓይነቱን ሊቀይር ይችላል" የምትለዋን አንቀጽ አነበበልኝ። እውነት ነው፤ ሆድ ከተከፈተ በኋላ አንጀት ተጣብቆ ወይም ጉበት ከመጠን በላይ አብጦ ቢገኝ ሐኪም ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የራሳቸው መዝገብ በዋዜማው ቀን ተጽፎ "የታቀደው፦ ስሊቭ" ይላል! ሆዴን ሳይከፍቱ ምን አይተው ነው?

ይህን ሳሳየው ዝም አለ። ከእኔ ጋር የገባችው ነርስ ናት ሳታስበው ያፈረጠችው፤ "ያን ጊዜ እኮ ባይፓስ የሚሠራው ዶክተር ለቅቆ ነበር" አለች። ሥራ አስኪያጁ ሲገላምጣት አንገቷን ደፋች። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ባይፓስ የሚሠራ ሰው አልነበራቸውም። ገንዘቡን ላለመመለስ ሲሉ ጨጓራዬን ቆረጡት።

የዋጋው ልዩነት ይመለስልኝ ብዬ ጠየቅሁ። "የሆስፒታል አልጋው ያው አንድ ነው" አለኝ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ ስሊቭ ወደ ባይፓስ መቀየር እንደሚቻል፣ አዲስ ቀዶ ሐኪም እንደቀጠሩ፣ "ለአንቺ ሲባል" ቅናሽ እንደሚያደርጉልኝ ነገረኝ። የከፈልኩበትን ነገር በቅናሽ ሊሸጥልኝ! የወጣሁት በሩን ወርውሬው ነው።

ለምታስቡበት ሰዎች፦ የትኛው ቀዶ ሕክምና እንደሚሠራላችሁና ማን እንደሚሠራው በስም ተጽፎ ይሰጣችሁ። ሐኪሙ ቢቀየር ገንዘባችሁ እንደሚመለስ ያስፈርሟችሁ። ቅጹን ቤታችሁ ወስዳችሁ አንብቡት፤ በር ላይ የሚመጣ ወረቀት ካለ አልጋው ይመለስ በሉ። ቃር ያለባችሁ ደግሞ የኢንዶስኮፒ ውጤታችሁን ግልባጭ በእጃችሁ ያዙ።

እኔ ቅሬታዬን ለተቆጣጣሪው አካል ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ደረሰኙ፣ የኢንዶስኮፒ ውጤቱና የመዝገቡ ግልባጭ ተያይዘውበታል፤ ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ። ባይፓሱን የምሠራው ሌላ ሆስፒታል ነው፤ በሙሉ ዋጋ።