ባለ ሁለት መስመር ራውተር፦ የዘጠኝ ወር ልምድ ከደሴ

ሁለት የኢንተርኔት መስመር በአንዴ የሚቀበለውን ይህን ራውተር የገዛሁት ነሐሴ ላይ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለችው ጽሕፈትና ኢንተርኔት ቤቴ ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ቋሚ መስመርና አንድ የፎርጂ ሲም አላት። ሁለቱን ሳስገባ ፍጥነታቸው ይደመራል ብዬ ነበር። አይደመርም። ራውተሩ የሚያከፋፍለው ግንኙነትን ነው፤ በአንድ ግንኙነት የሚወርድ ፋይል ከአንዱ መስመር አቅም አያልፍም። ሻጩ ይህን ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

የቤቴ ሕመም ሌላ ቦታ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጅዳ ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ የሚነጋገሩ አንዲት እናት አሉ። ሌላ ደንበኛ የሠርግ ቪዲዮ መላክ ሲጀምር የልጅቱ ድምፅ ይቆራረጣል። «አብሽሩ እማማ፣ አሁን ይመለሳል» እላለሁ፤ አይመለስም። ስለካው 60 ሚሊ ሰከንድ የነበረው ፒንግ (መልእክት ሄዶ ምላሹ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከ900 አልፎ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመላኪያ ፍጥነታችን በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው። መስመሩ የሚገባበት ሳጥን፣ ሞደሙ፣ ውስጥ ግማሽ ሜጋባይት (4 ሜጋቢት ማለት ነው) ከተጠራቀመ ያንን ለማስወጣት አንድ ሙሉ ሰከንድ ይፈጃል፤ ከኋላ የመጣ ድምፅ ያን ያህል ቆሞ ይጠብቃል። የሚያወርዱትም ይንቀረፈፋሉ፤ «ደርሶኛል» የሚለው ምላሻቸው የሚወጣው በዚያው በር ነውና።

ጥር ላይ የፋብሪካውን ሶፍትዌር አንስቼ ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር ጫንኩበት፤ «ኬክ» የተባለውን ወረፋ አስተካካይም አበራሁ። ኬክ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦፕን ደብሊውአርቲ የቆመበት የሊኑክስ ሥርዓት አካል ነው። መላኪያውን 3.6 ሜጋቢት ላይ ስገድበው ወረፋው ከሞደሙ ወጥቶ እኔ የማዝበት ራውተር ውስጥ ገባ። በ10 ደቂቃ ይሄድ የነበረው 300 ሜጋባይት ቪዲዮ አሁን 11 ደቂቃ ይፈጃል፤ ፒንጉ ግን ከ80 አያልፍም። እማማ ባለፈው ቅዳሜ ሃምሳ ደቂቃ ሳይቆረጥባቸው አወሩ። ለእኔ ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

ሌላም አለ። ማውረጃ ፕሮግራም አንዱን ፋይል በ16 ግንኙነት ከፋፍሎ ሲያወርድ የ16 ሰው ድርሻ ይወስድ ነበር። ኬክ መጀመሪያ ለኮምፒውተሮቹ እኩል ያካፍላል፤ የየኮምፒውተሩን ድርሻ ደግሞ ለግንኙነቶቹ። ይህ የሚሠራው ግን «ኤንኤቲ» የሚለው፣ በአንድ አድራሻ ወደ ውጭ የሚወጡትን ኮምፒውተሮች ኬክ ለይቶ እንዲያያቸው የሚያደርገው ምርጫ ሲበራ ነው፤ አለዚያ ስድስቱ ኮምፒውተሮች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ይህን እስካውቅ ሦስት ሳምንት ባከነ።

የሚያስቸግሩኝም አሉ። ሁለቱ መስመሮች የየራሳቸው የኢንተርኔት አድራሻ ስላላቸው የባንክና የምዝገባ ገጾች ጥያቄው አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ አድራሻ ሲመጣባቸው ደንበኛውን ያስወጡታል፤ ስለዚህ ወደ ቋሚው መስመር ብቻ አሰርኳቸው። የፎርጂው ፍጥነት ከሰዓት ሰዓት ስለሚለያይ ቋሚ ገደብ አይስማማውም፤ ዝቅተኛውን ይዤ ነው የምሠራው። አዳፕተሩ መብራት ሄዶ ሲመጣ በአምስተኛው ወር ተቃጠለ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚታይበት ሰሞን ደግሞ ገጹ ራሱ ከተጨናነቀ ራውተሬ ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛዬ ሁለተኛ መስመር ሊያስገባ ነበር። ትልቅ ፋይል እየላከ ፒንጉን እንዲለካ ነገርኩት፤ 700 አለኝ። እሑድ በሐረጎ ወርጄ ኬክን እጭንለታለሁ፤ መስመሩን ከዚያ በኋላ ያስብበታል።