አሮጌ ፒያኖ ከገዛሁ 14 ወር ሞላኝ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ

ፒያኖ ልገዛ ነው ስል ሚስቴ ስንት ነው ብላ እንኳን አልጠየቀችኝም፣ "በየት በኩል ሊገባ ነው?" ነው ያለችው፣ ቆይቼ ሳስበው ከኔ ይልቅ ነገሩ የገባት እሷ ነበረች። የገዛሁት ኅዳር 2016 ነው፣ ይሄን የምጽፈው ጥር 2017 ላይ ነው፣ አንድ ሙሉ ክረምት አብረን አሳልፈናል ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ክረምት ያላለፈበትን ፒያኖ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ማለት አይቻልም። በገዛሁ ሳምንት ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምታነቡት፣ ያኔ ፍቅር ይዞኝ ነበር።

ዕቃው የጀርመን ስሪት ነው፣ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆመው ዓይነት፣ በጣም አሮጌ። ፊቱ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈው ስም ግማሹ ተልጧል፣ የሚነበብ ቢሆንም አልጠራውም፣ ምክንያቱም የማወራው ችግር ሁሉ የእድሜና የአያያዝ እንጂ የፋብሪካው አይደለም። ሻጮቹ ቤታቸውን ሸጠው የሚወጡ ቤተሰብ ናቸው፣ ፒያኖው ለብዙ አመት ጥልፍ ለብሶ የፎቶ ማስቀመጫ ሆኖ ነው የኖረው። ደላላው "ኦሪጅናል ጀርመን እኮ ነው" እያለ 130 ሺህ ጠራ፣ 90 ሺህ ላይ ተጨባበጥን።

ማጓጓዙን ልንገራችሁና እንሳቅ። ጫኝና አውራጆቹ ከሩቅ አይተውት ቁም ሳጥን መስሏቸው በ6 ሺህ ተስማማን፣ ከዛ አንዱ ጠርዙን ይዞ ከፍ ሊያደርገው ሞከረና "አንተ ውስጡ ምንድነው ያለው?" አለኝ፣ ብረት ነው አልኩት፣ ወዲያው 15 ሺህ ሆነ። ውሸትም አልነበረም፣ ፒያኖ ውስጥ ክሮቹን የሚሸከም ወፍራም የብረት ፍሬም አለ፣ ሁሉም ክር ተደምሮ ከ15 ቶን በላይ ነው የሚጎትተው፣ እንጨት ብቻውን አይችለውም፣ ዕቃው ጠቅላላ ከ200 ኪሎ ያላነሰውም ለዛ ነው። 10 ሺህ ላይ ጨረስን፣ ስድስት ሰው ተሸከመው። ለምትገዙ፣ ከፊት ያሉትን ቀጫጭን እግሮች ይዘው እንዳያነሱት ቆማችሁ ጠብቁ፣ እነሱ ለመልክ ናቸው ተሰብረው ይቀራሉ።

እሺ ወደ ዋናው ነገር። ይሄን ከመግዛቴ በፊት ሦስት ፒያኖ አይቻለሁ፣ አንዱ ስሙ ትልቅ ነው፣ ከውጭ መስታወት መስሎ ያብረቀርቃል፣ ለሱ 200 ሺህ ልከፍል ጥቂት ነበር የቀረኝ። ያዳነኝ የስልኬ ቱነር (የድምጽን ከፍታ የሚለካ አፕ) ነው። ዘዴውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማንም አልነገረኝም። ከመሀል አንስቶ ወደ ላይ እያንዳንዱ ኖታ ሦስት ክር ነው ያለው፣ መዶሻዋ ሦስቱንም አንድ ላይ ነው የምትመታው። የፒያኖው ቅኝት ሁሉም ቦታ ላይ እኩል ከወረደ ችግር የለም፣ ለብዙ አመት የነካው ሰው የለም ማለት ነው እንጂ ጤነኛ ነው። ግን አንዱ ኖታ ደህና፣ ጎረቤቱ ድብልቅልቅ ያለ፣ ሦስቱ ክሮች እርስ በርስ ዉዉዉዉ የሚሉ ከሆነና ይሄ እዚህም እዛም ከተበተነ ፒኖቹ ላልተዋል ማለት ነው፣ ክሩ የሚጠመጠምባቸው ከ200 በላይ የብረት ፒኖች አሉ አይደል፣ እነሱ የተተከሉበት ፒን ብሎክ የሚባለው ወፍራም እንጨት ከደረቀና ቀዳዳው ከሰፋ ዛሬ ያስተካከላችሁት በሳምንቱ ይወርዳል። ያ የሚያብረቀርቀው እንደዛ ነበር። የኔው ደግሞ መልኩ የሚያሳፍር፣ ድምጹ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል የወረደ። መሀሉ ላይ ያለው ላ በሰከንድ 440 ጊዜ መንዘር ሲገባው 428 ነበር፣ ግማሽ ሴሚቶን (ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት ግማሽ) አካባቢ ማለት ነው፣ ሁሉም አብሮ ወርዶ። እሱን ሳይ ገዛሁት። አሁንም አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ስሙን ተዉትና ፒኑን እዩ ነው የምለው፣ ቀለም ይቀባል መዶሻ ይቀየራል፣ ፒን ብሎክ መቀየር ግን ክሩን በሙሉ አውርዶ ብረቱን አንስቶ ነው፣ እዚህ አገር ማን ሊሰራላችሁ።

ሰው የሚፈራው ሳውንድ ቦርዱ (ድምጹን የሚያጎላው ሰፊ ሳንቃ) ላይ ያለ ስንጥቅ ነው፣ የኔም ከኋላ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ዝዝዝ እያለ ካልነዘረ ድምጹ ላይ ብዙም አያመጣም፣ በሱ ሰበብ እንደውም 5 ሺህ አስቀንሻለሁ። ሌላው ክዳኑን ከፍታችሁ ከመዶሻዎቹ ፊት ለፊት እንደ ወፍ ማጎሪያ የተሰለፈ ሽቦ ካያችሁ ዳምፐሩ (ጣታችሁን ስታነሱ ክሩን ዝም የሚያሰኘው) ከላይ የሆነው የድሮ አሰራር ነው፣ ድምጽ በደንብ አያቆምም፣ ለማስተካከልም ያንን ሁሉ እያለፋችሁ ነው፣ እኔ ብሆን በነጻ ቢሰጡኝም አልወስደውም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ከመጣ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ቤቱን እስኪለምድ መተው ነበረብኝ፣ ግን ቸኮልኩ፣ በሰው በሰው አንድ ጊታር የሚያስተካክል ልጅ መጣ። ልጁ መፍቻው ከጋራዥ የመጣ ነው፣ የፒያኖ ፒን ጫፉ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ ለሱ የተሰራ መፍቻ ነው የሚፈልገው፣ ልጁ በተራ መፍቻ አራት ፒን ጠርዙን አላቆብኝ። ይባስ ብሎ ሁለት ሦስት ቁልፍ ሲቀር ሲቀር ከቦርሳው ዝገት የሚያላቅቁበትን ስፕሬይ አውጥቶ ውስጡን ፊስስ አደረገው፣ እኔም ቆሜ እያየሁ አመሰገንኩት። በነጋታው አሪፍ ነበር። በወሩ አስራ ምናምን መዶሻ ተመትቶ የማይመለስ ሆነ።

ከዛ ነው ጋሼን ያገኘሁት፣ ስማቸውን አልጽፍም አይወዱም። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ መጥተው ጃኬታቸውን ሳያወልቁ የፊቱን ሳንቃ አነሱና አሸተቱት፣ ቃል በቃል አፍንጫቸውን አስጠግተው።

"ይሄን በዘይት ያጠበው ማነው ልጄ?"

"ሰው አምጥቼ ነው ጋሼ..."

"ለሰውዬው ምሳ አብልተኸዋል?"

"አዎ"

"በል ለኔም አስቀርብ፣ ማታ ድረስ እዚህ ነኝ።"

አክሽኑን (መዶሻዎቹ የተሰለፉበትን ሙሉውን አካል ማለቴ ነው) በአራት ቡሎን ፈተው እንደ ሕጻን አቅፈው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። እያንዳንዱ መዶሻ የሚዞርባት ከመርፌ ብዙም የማትበልጥ ፒን አለች፣ ዙሪያዋን ቀጭን ፌልት (ተጠቅጥቆ የተሰራ የሱፍ ጨርቅ) ከቧታል፣ ዘይት ሲነካው ፌልቱ ያብጥና አቧራ ይዞ ሙጫ ይሆናል። ጋሼ አልኮልና ውሃ ቀላቅለው በመርፌ ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ አደረጉባቸው፣ ሲደርቅ ፌልቱ ሰብሰብ ይላል አሉ፣ እውነትም አብዛኞቹ ተመለሱ፣ አምስቱ ግን እምቢ ስላሉ ፒናቸው ተቀየረ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስናነሳ ደግሞ ከስር የወጣውን ብታዩ፣ የድሮ 10 ሳንቲም ሰባት፣ የጸጉር መያዣ፣ የእርሳስ ጉማጅ፣ የደረቀ ቄጠማ፣ ብል የበላው ፌልት ዱቄት ሆኖ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የአይጥ ጎጆ ከነወረቀቱ። ልጄ ሳንቲሞቹን አጥባ ወሰደች፣ እስካሁን አልመለሰችም።

ቅኝቱን በተመለከተ ጋሼ በአንድ ቀን 440 ላይ አላወጡትም፣ ያን ሁሉ ጭነት ባንዴ ከጨመርክ ክር ይበጠሳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጨረሻ ያወጣኸው ክር መጀመሪያ ያወጣኸውን መልሶ ያወርደዋል። መጀመሪያ በፍጥነት ጎተት ጎተት አድርገው ሄዱ፣ በሁለት ሳምንታቸው ተመልሰው ደገሙት፣ በሦስተኛው ነው ጥንቅቅ ያለው። ከላይ ሁለት ክር ተበጠሰ፣ ሽቦውንና የፒያኖ መፍቻ ዲሲ ያለችው ያክስቴ ልጅ በሻንጣ አመጣችልኝ። ዘጠኝ ፒን ትንሽ ላልቶ ነበር (አራቱ ያ ልጅ የነካቸው ናቸው)፣ ለነሱ ፒያኖውን በጀርባው አስተኝተን ቀጭኑን ሱፐር ግሉ፣ ውሃ የሚመስለውን፣ ፒኑ ስር ጠብ ጠብ አደረግንበት፣ እየሰረገ ይገባና ቀዳዳውን ያጠበዋል። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዓመት በኋላ ሰባቱ እንደያዙ ናቸው፣ ሁለቱ ወፍራም ፒን ይፈልጋሉ።

ክረምቱ። ሰኔ አጋማሽ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሐምሌ ላይ መሀል ያለችው ሬ ተጭና አልነሳም አለች፣ ከዛ ፋ፣ ከዛ እንደ ጉንፋን ተዛመተ። ከመርካቶ የገዛኋት ትንሽዬ የእርጥበት መለኪያ 74 በመቶ ትላለች። ያስቀመጥኩት የውጭ ግድግዳ ተደግፎ ነበር፣ ብሎኬቱ ዝናብ ሲመታው በውስጥ በኩል ያልበዋል፣ እኔ ደግሞ የፒያኖው ጀርባ ማለት ሳውንድ ቦርዱ ራሱ መሆኑን አስቤው አላውቅም። ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዞርነውና አንድ ስንዝር ከግድግዳው አራቅነው፣ በሳምንቱ ግማሾቹ ቁልፎች ራሳቸው ተነሱ። የቀሩትን ራሴ ሰራኋቸው፣ ቁልፉን አውጥታችሁ ፒኗ የምትገባበትን ቀዳዳ ጎንና ጎን ያለውን ፌልት ጥርስ በሌለው ፒንሳ ቀስ ብሎ ጫን ማድረግ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጣም ከጫናችሁ በጋ ላይ ቁልፉ ይንገጫገጫል። አንዷን አብዝቼባት አሁን ጥርሱ እንደወለቀ ሽማግሌ ቀጭ ቀጭ ትላለች።

ቅኝቱም አብሮ ይሄዳል። እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ክሮቹን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ስለዚህ ሐምሌ ላይ ላ 443 ደረሰ፣ አሁን ጥር ላይ መለኪያዋ 34 ስትል 438 ወርዷል። ሁሉም እኩል ቢሄድ ማን ይሰማው ነበር፣ ግን መሀሉ ብዙ ይሄዳል ጫፎቹ ትንሽ፣ ለዛ ነው በክረምት ኦክታቮቹ (ከአንዱ ላ እስከ ሚቀጥለው ላ ያሉት) የሚጣሉት። ስለዚህ ክረምት መሀል አስተካክሉልኝ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ፣ እኔ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አየሩ ከረጋ በኋላ አስደርጌ ከዛ በየመሀሉ የተጣሉትን ክሮች ብቻ ራሴ አስታርቃለሁ። ይሄን መልመድ ይቻላል፣ ከሦስቱ አንዱን ክር በፌልት ቁራጭ አፍናችሁ ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ብቻ ከጎረቤቱ ጋር ዉዉዉታው እስኪጠፋ ማምጣት ነው፣ መፍቻውን የምታንቀሳቅሱት ግን በጣም በጣም ትንሽ ነው፣ የመጀመሪያ ቀን እጄ ተንቀጥቅጦ አንዱን በጠስኩት።

እማዬን በተመለከተ፣ ሦስቴ የአበባ ማስቀመጫ ከነውሃው ላዩ ላይ አስቀምጣለች። "ባዶውን ሲታይ ደስ አይልም" ነው መልሷ። አሁን የፕላስቲክ አበባ ገዝቼላታለሁ፣ ተስማምተናል።

ድምጹስ ካላችሁኝ፣ ከላይ ያሉት ኦክታቮች ደርቀዋል፣ መዶሻዎቹ ክሩን የሚመቱበት ቦታ ላይ ተቦርቡረው ነበር፣ ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ቅርጻቸውን መልሰውላቸዋል ግን ፌልቱ እያለቀ ነው። መሀሉ ግን፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የግራ ፔዳሉን ይዤ ትዝታ ስጫወትበት፣ 88 ቁልፍ ያለው ኪቦርዴ ያልሰጠኝን ነው የሚሰጠኝ፣ እንጨቱ ደረታችሁ ላይ ሲነዝር ይሰማችኋል። አንቺ ሆዬን ግን እንደ ክራር አይሆንላችሁም፣ ክራር ቅኝቱን በፈለገው ያመጣል፣ የፒያኖ ኦክታቭ በ12 እኩል ተከፋፍሎ ቁጭ ብሏል፣ እሱ የሁሉም ፒያኖ ጣጣ ነው።

ወጪ፦ ከነማጓጓዣው 100 ሺህ፣ ለጋሼ በአራት ዙር 28 ሺህ፣ ለዛ ልጅ 3 ሺህና ምሳ። ተራ ኪቦርድ ይበቃዋል የምለው ሰው ብዙ ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር፣ በየሁለት አመቱ ቤት የሚቀይር፣ ትንሽ ነገር ሲበላሽ የሚናደድ፣ አይግዛ። እኔ አልሸጠውም።

የቀረኝ የባሱ ነው። መዳብ የተጠመጠመባቸው ወፍራሞቹ ክሮች ውስጥ ሁለቱ ቆርቆሮ የተመታ ነው የሚመስሉት፣ ጋሼ አላልተው አንድ ዙር ወደ መዳቡ አቅጣጫ ጠምዝዘው መለሷቸው፣ አንዱ ትንሽ ነፍስ ዘራ ሌላው እምቢ አለ። ያክስቴ ልጅ ለፋሲካ ትመጣለች፣ አሰርቼ ላምጣልህ ብላለች፣ የክሩንና የመዳቡን ውፍረት ግን በካሊፐር ለክቼ መላክ አለብኝ፣ እስካሁን አልላኩላትም።