«የማን ልጅ ነሽ?»፦ ለአይስላንዷ አስጎብኚያችን ምስጋና

ሰላም ወገኖቼ። ከእናቴ ጋር አይስላንድ ደርሰን ከተመለስን ሁለት ወር ሊሞላን ነው። ያስጎበኘችንን ሴት ሳላመሰግን ብቀር ይከብደኛል። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፈውም። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ግን እሷን ያዙ።

እኔ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። አይስላንድ ሼንገን ውስጥ ስላለች የስዊድን ቪዛዋ በቂ ነበር። እንቁጣጣሽን አብረን ዋልንና በሳምንቱ ሄድን።

አጀማመራችን ጥሩ አልነበረም። አንድ ድርጅት የአውቶቡስ ጉብኝት በኢንተርኔት ሸጦልን፣ ጠዋት ፌርማታው ላይ በንፋስና በዝናብ ቆመን ቀረን። ስደውል «ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ የለም» አሉኝ። የእኔንና የእናቴን ስም አምታተውታል። እናትና ልጅ ሆነን «የቤተሰብ ስማችን» ለምን እንደተለያየ ሊገባቸው አልቻለም። ውጭ የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ። በየቢሮው፣ በየአየር ማረፊያው «ይሄ የአባቴ ስም ነው፣ ያ የአያቴ ነው» እያልን ስንት ጊዜ አስረድተናል።

ሆቴል ተመልሰን እናቴ እግሯን ስታሞቅ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ስልኳን አነሳች። «የእናቴ የአክስት ልጅ አለች፤ ዛሬ ስራ የላትም» አለችን። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ አንዲት ጠና ያለች ሴት በሚኒባስ መጣች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ከኋላ አንዲት የእንጨት ዱካ አውርዳ በሩ ስር ማስቀመጥ ነበር፤ እናቴ ረግጣት እንድትወጣ። ያቺ ዱካ ቀኑን ሙሉ በወረድንበትና በወጣንበት ሁሉ ከእኛ ጋር ነበረች።

ከዚያ ስማችንን ጠየቀች። እኔም እንደለመድኩት ማስረዳት ጀመርኩ። እጇን አነሳችና «አውቃለሁ፤ የእኛም እንደዚሁ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አብዛኛው አይስላንዳዊ የቤተሰብ ስም የለውም። ወንዱ በአባቱ ስም ላይ «ሶን» ይጨምራል፣ ሴቷ «ዶቲር»፤ የእገሌ ልጅ ማለት ነው። በእናቱ ስም የሚጠራም አለ። ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። ስልክ ማውጫቸው እንኳ የተደረደረው በራስ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በምርጫ ፕሬዚዳንት የሆነችውን ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲርን አገሩ ሁሉ «ቪግዲስ» ነው የሚላት። እኛም የቀድሞዋን ፕሬዚዳንታችንን ፕሬዚዳንት ሳህለወርቅ እንጂ ፕሬዚዳንት ዘውዴ እንደማንላት። ስሜን ሳላስረዳ የተረዳልኝ ሰው ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

እናቴ ይህን ስተረጉምላት ደስ አላት። «እስቲ የማን ልጅ ነሽ በያት» አለችኝ። ሴትዮዋ መሪውን ይዛ ሳቀች። ይህ ጥያቄ በእነሱም ቋንቋ አለ። ሁለት አይስላንዳዊ ሲተዋወቅ ትልልቆቹ ቶሎ የሚጠይቁት «ከእነማን ወገን ነህ?» ብለው ነው። አባቷን፣ አያቷን፣ የትውልድ እርሻቸውን ነገረችን። እናቴም የራሷን እስከ መንዝ ድረስ ቆጠረችላት።

መንገዱ ሰዎች «ወርቃማው ክብ» የሚሉት ነው። ከዋና ከተማው ከሬይክያቪክ ተነስቶ እዚያው የሚመለስ፣ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቲንግቬሊር ስንደርስ እናቴን በክንዷ ይዛ በገደሉ መካከል ቀስ ብላ አወረደቻት። መሬት ተሰንጥቆ የሚላቀቅበት ቦታ ነው፤ በየዓመቱ በጥቂቱ ይሰፋል። የእኛ አፋር ወንድም በሉት። እ.ኤ.አ. በ930 የአገሩ ሰው ተሰብስቦ አልቲንጊ የሚባለውን ሸንጎ ያቋቋመው እዚህ ነው። ጽሕፈት ሳይስፋፋ በፊት አንድ ሕግ አዋቂ አለቱ ላይ ቆሞ በየዓመቱ የሕጉን ሲሶ በቃሉ ያወጣው ነበር፤ በሦስት ዓመት ይጨርሳል። ሕዝቡ ግን ለሕግ ብቻ አልነበረም የሚመጣው። ይገበያያል፣ ልጁን ይድራል፣ ከዘመድ ይገናኛል።

ጌይሲር ጋ ስትሮኩር የሚባለው ፍልውሃ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ሰማይ ይወረወራል። እናቴ በስመ አብ ብላ አማተበች። ረጅም አልቆየንም፤ ብዙ ሰው ነበር።

ጉልፎስ ፏፏቴን ከላይ አየነው። የአንዲት የገበሬ ልጅ የሲግሪዱር ቶማስዶቲር መታሰቢያ እዚያ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፏፏቴውን ለኤሌክትሪክ ሊገድቡት ሲሉ «ራሴን እወረውርበታለሁ» ብላ እንደታገለች፣ በእግሯ ሬይክያቪክ ድረስ እየሄደች አቤት እንዳለች ይነገራል። ጠበቃዋ ስቬይን ብየርንሶን ኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ቡና ስንገዛ አስጎብኚያችንና ገንዘብ ተቀባይዋ ሲያወሩ እናቴ «ዘመዷ ናት?» አለች። አይተዋወቁም። ግን ሁለቱም ኢስሌንዲንጋቦክ የሚባለው የትውልድ መዝገብ ስልካቸው ላይ አለ። የአንዳንዱን ሰው ዘር ከ1,100 ዓመት ገደማ በፊት እስከመጡት ሰፋሪዎች ድረስ ይቆጥራል። ሕዝቡ ከ400,000 በታች ስለሆነ ከሞላ ጎደል ሁሉም አለበት። ፈለጉና ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ አንድ አያት ላይ ተገናኙ። እናቴ ጣቷን እየቆጠረች «እኛም ጋ እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም!» አለች። ገንዘብ ተቀባይዋ ይህ ሲተረጎምላት ከባንኮኒው ወጥታ አቀፈቻት።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የነካኝ በፕሮግራሙ ያልነበረው ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። «የወንድሜ መንደር ዛሬ በግ ይለያል፣ ብንሄድ ቅር ይላችኋል?» አለችን። ሬቲር ይሉታል። በጎቹ በጋውን ሙሉ ተራራ ላይ ተለቀው ከርመው በመስከረም ይሰበሰባሉ። ክብ በረት አለ፣ ዙሪያው እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ የተከፋፈለ። እያንዳንዱ ክፍል የአንድ እርሻ ነው። ሰው ሁሉ መሃል ገብቶ በግ በቀንዱ ይይዛል፣ የጆሮውን ምልክት ያያል፣ ወደ ባለቤቱ ክፍል ይጎትታል። አስተማሪ፣ የባንክ ሰራተኛ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ከተማ የገባ ዘመድ ሁሉ ለዚያ ቀን ይመጣል። ይዘፍናሉም። የበግ ሾርባ በትልቅ ብረት ድስት ቀረበልን።

እናቴ ጉልበቷን ረሳች። አንዷን በግ ጆሮዋን ይዛ ገለጥ አድርጋ «ሁለት ብጥ» ብላ አነበበች። አንድ ሽማግሌ አይተዋት ወደ ትክክለኛው በር አመለከቱ። ልጅ ሆና በግ ትጠብቅ እንደነበር የነገረችኝ ያን ቀን ማታ ነው። ከዚያ የአስጎብኚያችንን የሱፍ ሹራብ እጅጌ በጣቶቿ አሸችው። አክስቷ የሰራችላት ነው። እናቴ ዞር ብላ «ባና ነው እኮ» አለችኝ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ይህን የሱፍ ብርድ ልብስ ያውቀዋል።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልበል። ዋጋዋ ከአውቶቡስ ይበልጣል፤ ተራ ጉብኝት ብቻ ለሚፈልግ አውቶቡሱ ይበቃዋል። ከስምንት ሰው በላይ አትይዝም። በእንግሊዝኛ ነው የምታስረዳው፣ ለወላጆቻችሁ እናንተ ትተረጉማላችሁ፤ እሷ ግን እስክትጨርሱ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯት። የበጉን ቀን ማየት የሚፈልግ በመስከረም መጀመሪያ ይሂድ። ስልኳን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግራችሁ። እናቴ አገር ቤት እንደገባች ለአስጎብኚያችን ብላ ባና በሰው ልካለች። እኔ ጋ ተቀምጧል። ከስቶክሆልም ወደ ሬይክያቪክ የሚሄድና ሻንጣው ውስጥ ቦታ ያለው ካለ እባካችሁ ያድርስልኝ። አራት ኪሎ አይሞላም።