በረዶ ያልነካውን ሶላር ሂተር ውሃ ሰበረው

ሶላር ሂተሩን፣ በፀሐይ ውሃ የሚያሞቀውን ዕቃ፣ ጣሪያ ላይ ስናወጣ ጎረቤቱ ሁሉ የፈራልን በረዶ ነበር። «የሐምሌ በረዶ ይሄን መስታወት የሚተውልሽ ይመስልሻል?» ያላለኝ የለም። ሐምሌም ነሐሴም መጡ። የጎንደር በረዶ ቆርቆሮውን እንደ ነጋሪት ሲደበድበው አመሸ። ቱቦዎቹ ግን ጭረት እንኳ አልነካቸውም። የሰበራቸው ሌላ ነው። ከቧንቧ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ።

ይህን የምጽፈው ስለ በርበሬዬ ተናድጄ ነው። ብልሽቱ ባይመጣ ኖሮ ስለ ሂተሩ አንድ መስመርም አልጽፍም ነበር፤ በደንብ ስለሚሠራ ዕቃ ማን ይጽፋል? ጠዋት ቧንቧ ትከፍታለህ፣ የሞቀ ውሃ ይመጣል፣ ትታጠባለህ። አለቀ።

ዕቃው እንዲህ ነው። ከላይ 150 ሊትር የሚይዝ ጋን ተጋድሟል። ከሥሩ የመስታወት ቱቦዎች በላስቲክ ቀለበት ተሰክተዋል። እያንዳንዱ ቱቦ ባለ ሁለት ግድግዳ ነው፤ በሁለቱ መስታወቶች መሃል ያለው አየር ተመጥጦ ወጥቷል። ፀሐይ ትገባለች፣ ሙቀቱ ግን መውጫ ያጣል። የሞቀው ውሃ ቀለል ስለሚል ወደ ጋኑ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በቦታው ይወርዳል። ለዚህ ሥራ ፓምፕም መብራትም አያስፈልገውም። መብራት በጠፋ ቀን እንኳ ውሃው ሙቅ ነው። ይህን ሻጩ ነግሮኛል፣ እውነቱንም ነው።

ያልነገረኝን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ።

ታኅሣሥ ላይ ነው። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ ፈረቃውም ቀርቶ ጭራሽ ጠፍቶ ሰነበተ። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ አለቀ። ሮቶው ሲያልቅ የሂተሩንም ጋን በባልዲ እየቀዳን ጨረስነው። ቱቦዎቹ ውስጥ የቀረችው ውሃ በዚያ ጥርት ባለ የታኅሣሥ ፀሐይ እየፈላች ተነነች። እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ እዚህ ውሃ ለመፍላት መቶ ዲግሪ አይጠብቅም፣ 93 ገደማ ይበቃዋል። ባዶውን ፀሐይ ላይ የዋለ ቱቦ ግን በዚያ አይቆምም። ውስጡ ከ200 ዲግሪ በላይ ይሄዳል።

ከዚያ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቧንቧው አየር መትፋት ጀመረ። «ውሃ መጣ!» ተባለ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ። እኔም ፓምፑን አበራሁ። ሮቶው መሙላት ጀመረ፣ ከሮቶው ወደ ሂተሩ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ጣሪያው ላይ «ጧ!» አለ። ጥይት መስሎኝ ደነገጥኩ። ወዲያው ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ እንፋሎት የሚወጣው ውሃ በአሸንዳው ሳይሆን በቆርቆሮው ላይ ተንዠቀዠቀ።

ከጣሪያው ሥር፣ ግቢው ውስጥ፣ የዓመት በርበሬዬ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ተቀንጥሶ፣ ደርቆ፣ ሊወቀጥ ቀን የሚጠብቅ ዛላ። ውሃው እንኳ ይቅር፣ መልሶ ይደርቃል። የመስታወቱ ስባሪ ግን ዛላው መሃል ገባ። የውስጠኛው መስታወት ጥቁር ቅብ ስላለው ከደረቀ በርበሬ መለየት አይቻልም። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይለቅሙ ጀመር። አንዷን ዛላ አንስተው ሲያራግፏት ከውስጧ ቀጭን ስባሪ ወደቀች። አዩኝና «ተይው የኔ ልጅ፣ ይሄ የሰው አንጀት ሊበጣጥስ ነው» አሉ። ሙሉውን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። በርበሬ ዛሬ ስንት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ለሻጩ ደወልኩ። «እትዬ፣ ዋስትናው እኮ ለጋኑ ነው፤ መስታወቱን አይጨምርም» አለኝ። ለበርበሬው ማ ዋስትና እንደሚሰጥ አልጠየቅኩትም።

እስቲ አንድ ጊዜ ከዚህ ሻጭ ጋር ልከራከር፣ ባይሰማኝም። ስትሸጥልኝ ያወራኸው ስለ ፀሐይ ነው። «ጎንደር ፀሐይ ሞልቶ፣ ለምን ለመብራት ትከፍያለሽ?» አልከኝ። ወንድሜ፣ ጎንደር ላይ ፀሐይ መች ቸግሮን ያውቃል? የቸገረን ውሃ ነው። ውሃ የሚሰጠን የአንገረብ ግድብ በደለል መቸገሩን ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንተም እዚሁ ነው የምትኖረው፣ ቤትህ ጀሪካን ተደርድሯል። እንዲህ ባለ ከተማ ባዶ ሲሆን የሚሰነጠቅ ዕቃ ስትሸጥ፣ «ውሃ ሲጠፋ እንዲህ አድርጊ» የምትል አንዲት ወረቀት ብትለጥፍበት ምን ይጎድልብሃል? «መመሪያው ላይ አለ» ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ አለ። በቻይንኛ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መስታወት በአንድ ጊዜ አይሰፋም፣ በአንድ ጊዜም አይኮማተርም። ከ200 ዲግሪ በላይ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ውሃው የነካው በኩል በድንገት ይኮማተራል፣ ያልነካው እንደጋለ ይቆያል። ያኔ ይሰነጠቃል። የነዚህ ቱቦዎች መስታወት ከተራው ጠንካራ ነው፤ ይህን ያህል የሙቀት ልዩነት ግን አይችልም። ሌላው ክፉ ነገሩ፣ እንደኔ ባለው ዓይነት ውሃው በቀጥታ በመስታወቱ ውስጥ ስለሚያልፍ አንድ ቱቦ ከተሰበረ ጋኑ በሙሉ በዚያ ቀዳዳ ይፈሳል። ስንት ቀን የጠበቅነውን ውሃ ቆመን ስናየው በቆርቆሮው ሄደ።

ታዲያ ሸጥኩት? አልሸጥኩትም። ባለቤቴ «አውርደሽ ቦይለሩን መልሽ» ሲለኝ የተከራከርኩት እኔው ነኝ። የመብራት ካርዱን ነገር አውቀዋለኋ! 150 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 45 ለማድረስ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በየቀኑ ይህን የሚያሞቅ ቤት በወር ከ150 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለገላና ለዕቃ ማጠቢያ ብቻ ያቃጥላል ማለት ነው። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምር ነው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ቦይለሩ ሲነሳ ካርድ የምሞላበት ጊዜ ተራራቀ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ማንም «ሶላር ውሸት ነው» ቢለኝ አልሰማም።

ደግሞስ ብርዱ መች ነው የሚብሰው? በክረምት አይደለም። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፣ ጠዋት ቧንቧ ሲነካ እጅ ያደነዝዛል። ግን ሰማዩ የሚጠራውም ያኔ ነው፣ ደመና የለም። ፀሐይ በነዚህ ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ሂተሩ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ የተተከለውም ለዚህ ነው። ሰኔ ላይ በእኩለ ቀን አናታችንን አልፋ በሰሜን በኩል ትሆናለች፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደመናው ይሸፍናታል። ስለዚህ ሙቅ ውሃ በጣም የሚያስፈልገን ጊዜና ሂተሩ በጣም የሚሠራበት ጊዜ ገጠሙ። በክረምት ለብ ያለ ነው፣ ጋኑ ውስጥ ያለውን የመብራት ማሞቂያ አልፎ አልፎ እናበራለን። ከዚህ በላይ የሚነገር የለውም።

ለጥምቀት ቤት ሙሉ እንግዳ ነበረን። ከፋሲለደስ መዋኛ ሌሊቱን ቆመው አድረው፣ ተረጭተው፣ ተንቀጥቅጠው ሲመለሱ ሁሉም በተራ በሙቅ ውሃ ታጠቡ። ነገሥታቱ ግቢያቸው ውስጥ ወሸባ፣ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ነበራቸው፤ እኛም ሂተር አለን። ቱቦዎቹን እስከዚያ አስተክተን ነበር።

አንድ ነገር ግን አታምታቱ፤ ይህ ዕቃ ቤት አያሞቅም። ለቤቱ ጋቢና ቡልኮ ነው። ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛትን የመሰለ ነገር አታስቡ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ከበርበሬው ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ሻጩ ሊነግራችሁ ስለማይችል። ለሂተሩ ብቻ የምትሆን ትንሽ ሮቶ ከጋኑ ከፍ አድርገን አስቀመጥን። ከሷ ወደ ሌላ ቧንቧ የሚሄድ የለም። ትልቁ ሮቶ ቢያልቅም እሷ ትይዛለች። ውሃ ጠፍቶ ከሰነበተ ደግሞ የጋኑን መግቢያ ዘግተን ቱቦዎቹን በሸራ እንሸፍናለን። ውሃው በቀትር ቢመጣም አንከፍትለትም። መሙላት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወይም ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ማታ ወዲያው እንደመሸ አትሙሉ፤ ሙቀት የሚይዝ ቱቦ ነውና ለመቀዝቀዝ ጊዜ ይወስዳል።

ገና የምትገዙ ከሆነ ሂት ፓይፕ ያለውን ጠይቁ። በሱ ውሃው መስታወቱ ውስጥ አይገባም፤ የመዳብ ዘንግ ነው ሙቀቱን ወደ ጋኑ የሚያደርሰው። ቱቦ ቢሰበር እንኳ ውሃው አይፈስም። ዋጋው ይበልጣል። የኔ ሻጭ መኖሩንም አልነገረኝም፣ ሱቁ ውስጥ ስላልነበረው። የምትገዙትን ቱቦ ደግሞ ወደ ጫፉ አዙራችሁ እዩ። እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ቅብ አለ፤ ባሪየም ነው። አየር ከገባበት ነጭ ይሆናል። ነጭ ከሆነ መልሱለት፣ ያ ቱቦ ሙቀት አይዝም። ለኔ ምትክ ብሎ መጀመሪያ ያመጣልኝ አንዱ ነጭ ነበር። «አቧራ ነው» አለኝ። በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ አሳየሁት፣ ዝም ብሎ ወሰደው።

ጋኑ ውስጥ የማግኒዥየም ዘንግ አለ፣ ዝገቱ በጋኑ ፈንታ እሱን ይበላል። ሲያልቅ ይቀየራል። ይህንንም ያወቅኩት ከቧንቧ ሠራተኛው ነው።

ሰሞኑን ሻጩ ደወለ። «እትዬ፣ ሰፈራችሁ ሰው ካለ ላኪልኝ እንጂ» አለኝ። «እልካለሁ» አልኩት፣ «ግን ሲመጡ ስለ ፀሐይ አታውራላቸው። መጀመሪያ ሮቶ እንዳላቸው፣ ቀጥሎ ከጣሪያው ሥር ምን እንደሚያሰጡ ጠይቅልኝ።» ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንዷን ጎረቤቴን ግን ልኬያታለሁ፤ ሮቶ አላት፣ በርበሬዋንም የምታሰጣው በጓሮ በኩል ነው።