ኒንጃን ከራስ ፓች ጋር መያዝ፦ ከኮምቦልቻ የተጻፈ ግምገማ

ኮምቦልቻ ውስጥ ለፋብሪካዎች የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በምንሠራበት ቢሮ፣ ኒንጃ የተባለውን የቢልድ መሣሪያ (የምንጭ ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የማስገንቢያ መሣሪያ) ፓች፣ ማለትም በኮዱ ላይ የሚደረግ ማሻሻያ፣ ጨምረንበት ስንጠቀም ቆይተናል። ስለ ኒንጃ ፍጥነት ብዙ ስለተባለ እዚህ የምመዝነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ አነስተኛ ቡድን ኮዱን ለራሱ አሻሽሎ ሲይዘው ምን ያህል እንደሚመች ነው። እስካሁን ከሞከርኳቸው መሣሪያዎች መካከል ለዚህ አያያዝ የሚሻል አላገኘሁም፤ ዛሬ ለሚጀምር ቡድን ግን ፓች እንዲይዝ አልመክርም።

ኒንጃን የጀመረው በጉግል በክሮም ማሰሻ ላይ ይሠራ የነበረው ኢቫን ማርቲን ነው። ምን እንዴት እንደሚገነባ የሚዘረዝረውን የቢልድ ፋይል ሲሜክ ወይም ሜሰን የተባሉ መሣሪያዎች ያመነጩለታል፤ የእርሱ ድርሻ የታዘዘውን በፍጥነት መፈጸም ብቻ በመሆኑ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈው ኮዱ አጭር ነው። የምንጭ ኮዱ ጥቅል ከአንድ ሜጋባይት በታች ስለሆነ ደሴ ከቤቱ የሚሠራ ባልደረባችን እንኳ በስልክ ኢንተርኔት ያወርደዋል፤ ግሬድል የተባለው ሌላ የቢልድ መሣሪያ በአንጻሩ ሲወርድ ብቻ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። የአፓቼ 2.0 ፈቃዱም ለውስጥ አገልግሎት ማሻሻልን አይከለክልም፤ የተሻሻለውን እትም ለሌላ የሚያስተላልፍ ግን በነካቸው ፋይሎች ላይ ለውጥ ማድረጉን በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል።

ወደ ፓች የገፋን የማሽን አቅም ነው። ኒንጃ ልክ ካልተሰጠው ከማሽኑ ፕሮሰሰር ኮሮች ብዛት በሁለት የሚበልጡ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ያስነሳል፤ 8 ኮር ባለው ማሽን 10 ሥራ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ጂኤንዩ ሜክ የተባለው ቀደምት የቢልድ መሣሪያ ከላይ ሆኖ እያንዳንዱን ላይብረሪ በየራሱ ኒንጃ ስለሚያስገነባ፣ ሦስቱ አብረው ሲነሡ 30 ኮምፓይለሮች (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉሙ ፕሮግራሞች) በአንድ ሜሞሪ ይሻሙና ማሽኑ ቀጥ ይላል። ሜክ ለዚህ ጆብሰርቨር የሚባል ዘዴ አለው፦ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ቶከኖች በጋራ ይቀመጣሉ፤ ሥራ የሚጀምር ሁሉ አንድ ቶከን ይወስዳል፣ ሲጨርስም ይመልሳል። ይፋዊው ኒንጃ ይህን ዘዴ ለዓመታት አይደግፍም ነበር። ሲሜክን የሚያዘጋጀው ኪትዌር በሚይዘው የኒንጃ ቅጂ ውስጥ ግን ስለነበረ ፓቹን ከዚያ ወሰድን። ኪትዌርም ቢሆን ብዙ ጠብቋል፤ ለፎርትራን ቋንቋ ያስፈለገው ዳይንዴፕ የተባለ ለውጥ (ጥገኝነቶችን በግንባታው መካከል ለማወቅ የሚያስችል) ወደ ይፋዊው የገባው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 1.10 ሲሆን፣ የጆብሰርቨር ድጋፍ ደግሞ እስከ 2025ቱ 1.13 ድረስ ቆይቷል።

ፓቹን በየአዲሱ እትም ላይ ሪቤዝ ማድረግ (እንደገና ማሳረፍ) ከባድ አይደለም፤ እትሞቹ በብዛት አይወጡም፣ የመሣሪያው የራሱ ቴስትም አብሮት ይመጣል። የሚያስቸግረው የትኛው ኒንጃ እየሠራ እንደሆነ መለየቱ ነው። አዲስ ሠራተኛ በላፕቶፑ ላይ ይፋዊውን ሲጭን ምንም የስሕተት መልእክት አይወጣም፤ ቢልዱም ይሳካል፣ ማሽኑ ብቻ ይታነቃል። ስለዚህ በእትም ቁጥሩ መጨረሻ ላይ መለያ ጨምረን፣ የመነሻ ስክሪፕቱ መለያውን ካላየ እንዲቆም አደረግን። ሲሜክ አንዳንድ አገልግሎቶችን የሚከፍተው የኒንጃን እትም አይቶ ስለሆነ ከፊት ያለው ቁጥር ግን መነካት የለበትም።

መብራት ድንገት ሲሄድ ኒንጃ ያሳየው ጠባይ ከጠበቅነው በላይ ነው። የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት የሚይዝበት የጥገኝነት መዝገቡ መጨረሻው ተቆርጦ ከተገኘ አስጠንቅቆ እስከ ደህናው ድረስ ያለውን ያነብባል፤ የጎደለውን ብቻ እንደገና ይገነባል። ለደንበኛ የሚላከውን ግን ከመብራት መጥፋት በኋላ ሁልጊዜ ከባዶ እንጀምራለን፤ ጄኔሬተሩ ቶሎ በተነሣ ቀንም ቢሆን።

1.13 ሲወጣ ፓቹን በማግስቱ እንጥላለን ብለን ነበር፤ ነገሩ እንዲያ ቀላል አልሆነም። ይፋዊው ድጋፍ በሊነክስ ላይ ፋይፎ የሚባለውን፣ ቶከኖቹ ስም ባለው ፋይል በኩል የሚተላለፉበትን የጆብሰርቨር ዓይነት ብቻ ይቀበላል፤ ሜክ ደግሞ ይህን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 4.4 ነው። ከዴቢያን 12ም ሆነ ከኡቡንቱ 24.04 የሊነክስ ሥርጭቶች ጋር የሚመጣው ሜክ 4.3 ነው፤ እርሱ የሚያውቀው ፓይፕ የተባለውን የቀድሞውን ዓይነት ነው፣ የእኛ ፓችም በዚያው ይሠራል። በተጨማሪም በትእዛዙ ላይ የሥራ ብዛት በጄ (-j) አማራጭ ከተጻፈ 1.13 ጆብሰርቨሩን ይተወዋል፤ አሮጌ ስክሪፕቶቻችን ደግሞ ይህ አማራጭ የበዛባቸው ናቸው።

አዲስ ለሚጀምር ቡድን የምመክረው ሜክ 4.4ን ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል አድርጎ ከ1.13 ጋር እንዲያጣምር ነው፤ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን ፓች መያዝ ግን በየእትሙ የሚመለስ ሥራ ነው። እኛም ዋናውን የቢልድ ማሽን ወደዚህ አዙረናል፤ ፓች የተጨመረበት ኒንጃ የቀረው ስክሪፕታቸው ገና ባልጸዳ ሁለት ፕሮጀክቶች ላይ ብቻ ነው።