አይቡን ጥረጊው ያለኝ አስተናጋጅና የቀርጤሱ ሊራ

በግሪኳ የቀርጤስ ደሴት፣ ሬቲምኖ ከተማ ወደብ ዳር ባለ ምግብ ቤት «አይብ እንዳይኖረው» ብዬ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ጎረምሳው አስተናጋጅ ሦስቴም «እሺ» ብሎ ዳኮሱን በአይብ አልብሶ አመጣልኝ። ዳኮስ የደረቀ የገብስ ዳቦ ላይ የተፈቀፈቀ ቲማቲምና የወይራ ዘይት የሚፈስበት የቀርጤሶች ምግብ ነው፤ አይቡ ባይኖር የእኛ የቲማቲም ፍትፍት ዘመድ በሆነ ነበር። ቀኑ ሰኔ 16 ነው፤ የሐዋርያት ጾም። «የቄስ ጾም ነው» ብለው የሚያልፉት አሉ፤ እኔ ግን እንዲያ አላደግሁም። ደግሞስ ግሪኮቹ ራሳቸው በዚህ ሰሞን የሐዋርያትን ጾም ይጾሙ የለም? ይህን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በማንኪያ ጥረጊው!»

ቦርሳዬን አንሥቼ ልወጣ ስል ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ሊራ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አቁመው ደጋኑን ሳቡት። ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ሊራ ሦስት አውታር አላት፤ ድምፅዋ ግን ማሲንቆ ነው። ጣታቸው አውታሩን ከላይ አይጫነውም፤ በጥፍራቸው ከጎን ይነኩታል። ላውቶ፣ ጊታር መሳይ መሣሪያ፣ የሚመታ ልጅ ያጅባቸዋል። ሁለት ስንኝ ያወርዳሉ፤ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ ቤት እየመታ ይመልሳል። ማንቲናዳ ይሉታል፤ ስንኙ 15 ቀለም ነው። ግሪክኛዬ ከገበያ አያልፍም፤ የማን ቆዳ እንደተላጠ ግን ከሳቁ ይገባኛል። ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት የተቀመጥሁ መስሎኝ «ተቀበል!» ልል ምንም አልቀረኝም። አቴና ውስጥ ለቱሪስት ከሚደረደረው ቡዙኪ ጋር አይወዳደርም።

ሲመሽ ባሕሩ ዳር እሳት ነደደ። ማግስቱ የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ነው፤ እኛ ሰኔ 30 የምናከብረው። በአውሮፓውያኑ ሜይ 1 በየደጃፉ ተሰቅሎ የደረቀውን የአበባ ጉንጉን ማገዶ አድርገው ሦስት ሦስት ጊዜ ይዘሉበታል። ክሊዶናስ ነው ስሙ። ያ አስተናጋጅም ሽርጡን እንደታጠቀ ዘለለ፤ ጫፏን እሳት ለበለባት። ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የተቀቀለ የዱር ጎመን በሎሚ አመጣልኝ፤ ሳላዝዝ። ይቅርታ መጠየቁ ነው ብዬ ልቤ ራርቶ ነበር፤ ሒሳቡ ላይ ግን ጎመኑም አለ፣ ያልነካሁት ዳኮስም አለ፣ ያላዘዝሁት ዳቦም 2 ዩሮ ተብሎ ተጽፏል። ሬቲምኖ ወደብ ዳር መቀመጥ እንዲህ ያስከፍላል።

ለሽማግሌው አምስት ኮከብ፣ ለቤቱ ሁለት። በነጻ የቀረበው የወይን አረቄ ብቻ አላስቀየመኝም፤ እሱ የጾም ነው። ደገምሁት።